መግደል መቼ ይፈቀዳል? ሕጉ፣ ሥነ ምግባሩና የአገራችን ልማድ

መግቢያ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ወደምትገኘው የትውልድ ቀበሌዬ በሄድኩ ጊዜ አጎቴ እሳት ዳር አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ሕግ ነው የምትማረው አይደል? እንግዲያው ንገረኝ። ሌሊት ሌባ በረቴን ሰብሮ በሬዬን ነድቶ ሲወጣ ባገኘው ልተኩስበት ወይስ ጋቢዬን ተከናንቤ ልተኛ?» እኔም የለመድኩትን የክፍል መልስ አውጥቼ «እንደ ሁኔታው ነው ጋሼ» አልኳቸው። እሳቸውም «ታዲያ ሁኔታውን ሌባው ቆሞ እስኪያስረዳኝ ልጠብቅ?» ሲሉ ቤተሰቡ ሁሉ ሣቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ያወሩኝ ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። አባታቸው፣ ማለትም የእኔ አያት፣ በወጣትነታቸው በግ ሰርቆ ሲሸሽ የነበረ ሰው በምንሽር መትተው ገድለዋል። በጓ ተመለሰች። ቤተሰቡ ግን ደመኛ ሆነ። ገበያ መውጣት ቀረ፤ ልጆች ከብት ይዘው ሩቅ መውረድ ፈሩ፤ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ እስኪደርቅ ድረስም ሰባት ዓመት ወንዝ ተሻግረው ዘመድ ቤት ተጠግተው ኖሩ። «አንዲት በግ ነበረች» አሉ አጎቴ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ውድ አንባብያን፣ ይህች ጽሑፍ ለአጎቴ ጥያቄ ዘግይታ የመጣች መልስ ናት። በአገራችን ሕግ ሰው ሌላውን ሰው ገድሎ የማይጠየቅበት ሁኔታ መቼ እንደሆነ፣ ይህም ለገበሬው፣ ለፖሊሱና ለወታደሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ። አስቀድሜ ሐሳቤን ልናገር፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ማን ጀመረ?» በሚለው ላይ ሳይሆን «አደጋው አሁንም አለ ወይ?» በሚለው ላይ ነው። የመግደል ፈቃድ ከአደጋው ጋር ይጀምራል፤ ከአደጋው ጋርም ያበቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 14 እና 15 የሕይወትን መብት ይደነግጋል። በአንቀጽ 15 መሠረት ሰው ሕይወቱን የሚያጣው በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል ቅጣት ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ቅጣት የሚወስነው ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ሌባን «የሚገባውን ሰጠሁት» ብሎ የገደለ ሰው ዳኛም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ፍርድ አስፈጻሚም ሆኖ ቀርቧል ማለት ነው።

ታዲያ ሕጉ ሰው እጁን አጣምሮ ይሙት ይላል? አይልም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ተመሳሳይ ድንጋጌ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም አንቀጽ 74 ላይ ነበር። አንቀጽ 78ን ፈታ አድርገን ብናየው ሦስት ጥያቄዎች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥ የሆነና አሁን እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ነው ወይ? ትናንት ያለፈ ጥቃት ወይም «አንድ ቀን ያደርገዋል» የሚባል ፍርሃት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ነበር ወይ? ጮሆ ጎረቤት መጥራት፣ በር መዝጋት፣ ወደ ሰማይ መተኮስ ከበቃ ሰው ላይ መተኮስ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ መከላከያው ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር ይመጣጠናል ወይ? ሕጉ የሚጠብቀው ነፍስን ብቻ ሳይሆን በሕግ የተጠበቀን መብት ሁሉ ስለሆነ ንብረትም ይገባበታል። ነገር ግን በሬና የሰው ሕይወት በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ሕይወት ይበልጣል። እዚህ ላይ እኔም እንደ ገበሬ ልጅ አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ደጋ በሬ ማለት ጌጥ አይደለም፤ በሬው የጠፋበት ሰው የዓመት እርሻው ይጠፋበታል። ፍርድ ቤትም ይህን ማመዛዘን ይገባዋል። ሆኖም ክብደቱ ታይቶም ቢሆን በንብረት ምክንያት ብቻ ሰው መግደል ሦስተኛውን ጥያቄ ማለፉ በጣም አጠራጣሪ ነው። ሌባው መሣሪያ ደግኖ ከመጣ ግን ነገሩ የበሬ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ሦስቱም ጥያቄዎች አዎንታዊ መልስ ካገኙ ገዳዩ አይቀጣም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሕጉ ወደ ሌሎች አንቀጾች ይወስደናል። መከላከል የጀመረ፣ ነገር ግን ከልኩ ያለፈ ሰው በአንቀጽ 79 መሠረት ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ግድያ ሲሆንም አንቀጽ 541 ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ያስቀምጣል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አስቦበት፣ በተለየ ጭካኔ ወይም አደገኛነት የገደለ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ እስራት ወይም የሞት ፍርድ ይጠብቀዋል። እንግዲህ አንድ ጥይት፣ አንድ ሟች፣ አንድ ገዳይ እያለ ውጤቱ ከነፃ መለቀቅ እስከ ሞት ቅጣት ይለያያል። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚፈጥረው የተተኮሰበት ምክንያትና ጊዜ ነው።

ሌባው ዞሮ ሲሮጥ

አሁን ወደ አጎቴ በረት እንመለስ። ሁለት ሌሊቶችን እናስብ። በመጀመሪያው ሌሊት ሌባው ክላሹን ደግኖ «ከነቃነቅህ ገደልኩህ» እያለ በረት ውስጥ ቆሟል እንበል። አጎቴ ቢተኩሱ አንቀጽ 78 ከጎናቸው ይቆማል። በሁለተኛው ሌሊት ሌባው ውሻ ሲጮህበት በሬውን ጥሎ ቁልቁለቱን ይሮጣል። አጎቴ ተንበርክከው አልመው ቢተኩሱስ? ጥቃቱ አልቋል፤ በሬው እዚያው ቆሟል፤ የቀረው ንዴት ብቻ ነው። ሰውየው ያው ሌባ ነው፣ ሌሊቱም ያው ሌሊት ነው፤ ነገር ግን አደጋው ስላለፈ ፈቃዱም አብሮ አልፏል። ፍርድ ቤት ሲቀርቡም ከጀርባ የገባው የጥይት ቀዳዳ በሐኪም ማስረጃ ላይ ሰፍሮ ይጠብቃቸዋል።

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ይሳሳታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ሌሊት ቤት ሲሰብር የተመታ ሌባ ደም በመታው ሰው ላይ እንደማይቆጠር፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን እንደሚቆጠር ተጽፏል። በጨለማ የመጣው ሰው ለስርቆት ይሁን ለግድያ አይታወቅም፤ ሲነጋ ግን ይታያል፣ ጎረቤትም ይደርሳል። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ዳኞች ይመሩበት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ከኦሪት ሕግ ብዙ ወስዷል። የወሎ ሸሆች በሚያስተምሩት የእስልምና ፊቅህም አጥቂን መመከት የሚፈቀደው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ነው፤ በቃል የሚመለስ በዱላ አይመታም፣ በዱላ የሚመለስ አይገደልም። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ባሉበት በእኛ አገር ይህ ትምህርት ለሁለቱም ወገን እንግዳ አይደለም።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ኤድዋርድ ጋርነር የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ከሰው ቤት 10 ዶላርና ቦርሳ ይዞ ሲወጣ አጥር ላይ ሊዘል ሲል ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ፖሊሱ ልጁ መሣሪያ እንዳልያዘ ገምቶ ነበር፤ የተኮሰው እንዳያመልጠው ብቻ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በሰጠው ውሳኔ፣ የሚሸሽ ተጠርጣሪ በሰው ሕይወትና አካል ላይ ከባድ አደጋ የሚያደርስ መሆኑ በበቂ ምክንያት ካልታመነ በቀር ለመያዝ ተብሎ መግደል አይቻልም አለ። ሌባው ቢያመልጥ ይሻላል ማለት ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ መልስ አልሰጡም።

ፖሊስና ጥይት

የፖሊስ ጉዳይ ከገበሬው ለየት ይላል። ገበሬው መሸሽና መተው ይችላል፤ ፖሊሱ ግን መያዝና ሥርዓት ማስከበር ሥራው ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ገደብ የለሽ ፈቃድ አይሰጠውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 56 ተያዡ በኃይል ሲቃወም ወይም ሊያመልጥ ሲሞክር ፖሊስ ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ ኃይል እንዲጠቀም ፈቅዷል። እዚህም ቁልፉ ቃል «የተመጣጠነ» የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የተቀበላቸው መሠረታዊ መርሆች ይህን ያብራራሉ። በእነሱ መሠረት አስቦ መግደል የሚቻለው ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ከመተኮስ በፊትም ሁኔታው እስከፈቀደ ድረስ ማንነትን መግለጽና ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በአገራችን ይህ ጥያቄ በግልጽ ከተነሣባቸው ጊዜያት አንዱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ተቃውሞ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ቆጥሯል። በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት የተወሰደው እርምጃ ሕጋዊና አስፈላጊ ነበር ሲል፣ አስቀድመው ከአገር የወጡት የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ደግሞ አብዛኞቹ አባላት ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጥተው እንደነበር ተናግረዋል። ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት የሚሆነው አንድ ነገር አለ። የሟቾች ቁጥር ላይ የተስማሙ ሰዎች በመመጣጠኑ ላይ ተለያይተዋል። «ተመጣጣኝ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በጠቅላላው ሳይሆን በእያንዳንዱ ጥይት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲመታ በዚያች ቅጽበት በማን ሕይወት ላይ ምን አደጋ ደቅኖ ነበር? ድንጋይ የወረወረ አለ፣ ሲሸሽ የተመታ ይኖራል፤ ሁሉን በአንድ ቃል «ሁከት» ብሎ ማጠቃለል ሕጉ የሚጠይቀውን ጥያቄ መዝለል ነው።

ጦርነትም ልክ አለው

አንዳንድ ተማሪ «ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ ነው፤ በጦርነትስ?» ሊል ይችላል። በጦርነት ሕጉ ይለያያል። ወታደር የሚዋጋውን ጠላት ተኝቶም ሆነ ቆሞ ቢመታው በሕጋዊ መከላከል ሚዛን አይመዘንም። ነገር ግን በዚያም ቢሆን ፈቃዱ የሚያበቃበት ቦታ አለ። የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በአገር ውስጥ ግጭት እንኳ መሣሪያውን ያስቀመጠን፣ የቆሰለንና የተማረከን ሰው መግደል ይከለክላል። የእኛም የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 270 እስከ 272 በሲቪሎች፣ በቁስለኞችና በምርኮኞች ላይ የሚፈጸመውን የጦር ወንጀል ብሎ ይቀጣል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው መቅደላ ትበቃለች። ሁላችንም የምናስታውሰው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን የገደሉበትን ቀን ነው። ከዚያ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ሚያዝያ 2፣ እስላምጌ ላይ የሆነውን ግን ብዙ ጊዜ አናነሣውም። በዚያን ቀን ንጉሡ ከእስረኞቻቸው የተወሰኑትን ፈተው ነበር፤ የቀሩት ስለ ምግብና ውኃ ሲጮኹ ተቆጡና ወደ 200 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ወደ ገደል እንዲወረወሩ አደረጉ፤ ወድቀው ነፍሳቸው ያልወጣውም በጥይት ተመቱ። የናፒየር ጦር እየቀረበ ነበር፤ አደጋው እውነተኛ ነበር። ግን አደጋው የመጣው ከእንግሊዝ ጦር እንጂ እጅና እግራቸው ከታሰረው ሰዎች አልነበረም። ንጉሡን መውደዳችን ይህን ከመጠየቅ ሊያግደን አይገባም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተቀሰቀሰው ግጭት ምዕራብ ደቡብ ወሎም ሰው አጥቷል። ስለ እያንዳንዱ ሞት መፍረድ የዚህች ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ሆኖም ማናችንም የማንኛውንም ወገን ወሬ ስንሰማ አንድ ጥያቄ ብንለምድ ጥሩ ነው፤ «ሟቹ ሲሞት እየተዋጋ ነበር ወይስ እጁ ላይ ምንም አልነበረም?»

ደም መላሽና ሰዓቱ

የአገራችን ልማድ ከሕጉ ጋር አጥብቆ የሚጋጨው በዚህ በጊዜ ጉዳይ ላይ ነው። ለሕጉ አደጋው የደቂቃ ነገር ነው። ለደም መላሽ ግን ጊዜ አያልፍም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው አባት የሞተበት ሕፃን አድጎ መሣሪያ እስኪይዝ ይጠበቃል። በልማዱ ዓይን ይህ ልጅ ጨዋ ነው፤ በፉከራም ይወደሳል። በሕጉ ዓይን ግን ለዓመታት አስቦበት የገደለ ሰው ስለሆነ ከሁሉ የከበደው አንቀጽ 539 ደጁ ላይ ይቆማል። ልማዱ የሚያከብርለት ትዕግሥት ሕጉ ዘንድ ማክበጃ ይሆንበታል።

ልማዳችን ግን መግደልን ብቻ አያውቅም፤ ማቆምንም ያውቃል። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ገብተው የሁለቱን ወገን ቃል ተቀብለው፣ ካሳ ቆርጠው፣ አስምለው ደም ያደርቃሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ባህላዊ ዳኝነት የተፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ዕርቅ የወንጀል ክሱን አያስቀርም። የሆነ ሆኖ ጥፋቱን አምኖ እጁን የሰጠና ጉዳቱን የካሰ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ ያገኛል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ሊያስር ይችላል፤ የሟች ወንድም ግን በሚቀጥለው ዓመት እንዳይተኩስ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ዕርቁ ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ቢደጋገፉ እንጂ ቢጣሉ የሚጠቀም የለም።

መደምደሚያ

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ዋና ዋናውን አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው ከሰሙኝ በኋላ ሁለት ነገር አሉ። የመጀመሪያው «ይኼን ሁሉ በጨለማ እንቅልፍ ዓይኔ ላይ እያለ ላስብ?» የሚል ነው። ለዚህ ሕጉ መልስ አለው። አንቀጽ 79 ጥቃቱ በፈጠረበት ድንጋጤና ፍርሃት ምክንያት ከልክ ያለፈን ሰው ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ በረት ውስጥ ያለውን ጨለማ ያውቀዋል። የማይቀበለው ሌባው ከሮጠ በኋላ አልሞ መተኮስን ነው።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። «እሺ፣ ሮጠና አመለጠ። ፖሊስ ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ነገ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ቢመለስስ?» አሉኝ። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። በ1177/2012 አዋጅ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል፤ በደጋው ቀበሌ ግን ገበሬ መሣሪያውን የሚያቅፈው የሚደርስለት ስለሌለ ነው። ሕጉ ገበሬውን «ታገሥ፣ የቀረውን እኔ እሠራለሁ» ይለዋል። መንግሥት የቀረውን ካልሠራ ትዕግሥቱ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ገበሬውን ብቻ ሕግ አክብር ማለት ፍትሕ አይሆንም፤ ፖሊሱም በጊዜ ሊደርስ፣ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ሳያጓትት ሊወስን ይገባል።

ያም ሆኖ «ጋሼ፣ ቢመለስ መልሰው ይከላከሉ፤ ያኔ አደጋው እንደገና አለ። የሮጠውን ቢመቱ ግን የሚመለሰው እሱ ሳይሆን ወንድሙ ነው፤ እሱም በሬ ሊሰርቅ አይመጣም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አባቴ ይኼን የሚነግረው ሰው አላገኘም» አሉ። ከዚያም የከብቶቹን ደኅንነት ነግረውኝ ስልኩን ዘጉ።